ለአይጥ ጠባይ ጥናት የሚውል መሣሪያ በአገር ውስጥ ስለመሥራት

በደቡብ ኦሞ ኅብረተሰቡ ለልዩ ልዩ ሕመም የሚገለገልባቸው ዕፅዋት ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ጭንቀትን ያስታግሳል ሲባል በሰው ላይ ከመሞከሩ አስቀድሞ በቤተ ሙከራ አይጦች መፈተሽ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ዓይነቱ ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። እንደ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ባለ አዲስ ተቋም የሚሠራ ተመራማሪም ለዚሁ የሚያስፈልገውን መሣሪያ የግድ ከውጭ አገር መግዛት የለበትም፤ ጎበዝ አናጢ ሊሠራለት ይችላል።

አይጥ አዲስ ቦታ ማሰስ ትወዳለች፤ ከፍታና ገላጣ ስፍራ ግን ያስፈራታል። መሣሪያው የተነደፈው በዚህ ጠባይዋ ላይ ነው። ከወለል ከ40 እስከ 50 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ የሚቆም ባለመስቀል ቅርጽ መተላለፊያ ሲሆን፣ አራቱ ክንዶች እያንዳንዳቸው 30 ሳ.ሜ. ርዝመትና 5 ሳ.ሜ. ስፋት አላቸው። ትይዩ የሆኑት ሁለቱ 15 ሳ.ሜ. ግድግዳ ይደረግላቸዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጧ መሐል ላይ ተቀምጣ ለ5 ደቂቃ በቪዲዮ ትቀረጻለች። ጭንቀቷ ሲቀንስ በገላጣው ክንድ የምትቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ለማነጻጸሪያም ብዙውን ጊዜ ዲያዜፓም የተሰጣቸው አይጦች ይታያሉ።

አስቸጋሪው ነገር ልኬቱ ሳይሆን እንጨቱ ነው። ያልተቀባ ኮምፖርሳቶ ሽንት ይመጥጣል፤ ቀጥላ የምትገባው አይጥ የቀደመችውን ሽታ ተከትላ ትሄዳለች ወይም ትሸሻለች። እንዲህ ከሆነ የሚመዘገበው ውጤት የሳጥኑ እንጂ የዕፅዋቱ አይደለም፤ የማይጠቅም ቅጠል መድኃኒት ሊባል፣ የሚጠቅመውም ሊጣል ይችላል። ስለዚህ ገጹ በዘይት ቀለም ተቀብቶ የቀለሙ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ መቆየት፣ ከእያንዳንዷ አይጥ በኋላም በአልኮል ተወልውሎ መድረቅ አለበት። ነጭ አይጥ በቪዲዮው ላይ በግልጽ እንድትለይ ወለሉ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም ግን ያውካል። እግሮቹ በውሃ ልክ ተስተካክለው ይቆማሉ፤ የሚወዛወዝ ክንድ ጤነኛዋንም አይጥ ያስፈራል። ብርሃኑም በሁለቱ ገላጣ ክንዶች ላይ እኩል መውረድ አለበት። በመስኮት በኩል የሚገባ የፀሐይ ብርሃን እየተዘዋወረ ስለሚሄድ መስኮቱን ጋርዶ በአምፖል መሥራት ይሻላል። መብራት ከተቋረጠም በጄኔሬተር ድምፅ መሐል ከመቀጠል የዕለቱን ሙከራ ማቆየት ይመረጣል።

በገላጣው ክንድ የቆየችበትን ጊዜ ብቻ መቁጠር አይበቃም። ዕፅዋቱ አፍዝዟት ከሆነ ካቆመችበት ላትነቃነቅ ትችላለችና፣ ወደ ክንዶቹ የገባችበት ጠቅላላ ብዛትም ይመዘገባል።

አንዳንዶች ከጎተራ የተያዘች አይጥስ ለምን አታገለግልም ብለው ይጠይቃሉ። የዱር አይጥ ዕድሜዋና ዘሯ አይታወቅም፤ ሰውን በእጅጉ ትፈራለች፤ በሽታም ልታስተላልፍ ትችላለች። ስለሆነም ለዚሁ ሥራ በእንስሳት ቤት የተራቡ አይጦችን መጠቀም፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊትም የተቋሙን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።