ዶሮይቱ የምትሻው ጨለማ

በማለዳ ልትጥል የደረሰች ቄብ ከመደቡ ሥር ገብታ ስትወጣ፣ ቅርጫቱ ላይ ወጥታ ስትወርድ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየተመላለሰች ድምፅዋን ጎትታ ስታጉረመርም ያላየ ባላገር የለም፤ ነገር ግን ከቤቱ ጥግ ገለባ አንጥፎ ከመተው አልፎ፣ ይህ ጭንቀት ከወዴት እንደ መጣባት የመረመረ ጥቂት ነው።

እኔም እንቁላሉ ራሱ ወደ መውጫው ሲቃረብ የሚያስጨንቃት ይመስለኝ ነበር። የዶሮ እንቁላል አስኳሉ ከማኅደሩ ከተለየ በኋላ ቅርፊት ለብሶ እስኪወጣ 25 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚህም 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልቀው ቅርፊቱ በሚሠራበት ክፍል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በኤድንብራ ይመራመሩ የነበሩት ዉድ-ጋሽና ጊልበርት የተባሉ ሊቃውንት ግን፣ ጎጆ የማስፈለጉ ትእዛዝ የሚወጣው ከእንቁላሉ ሳይሆን፣ አስኳሉ ትናንት ፈልቅቆ ከወጣበትና ዛሬ የወይን ዘለላ በሚመስለው ማኅደር ላይ ባዶውን ከቀረው ከረጢት መሆኑን ገለጡ። ያን ባዶ ከረጢት ቆርጠው ቢያነሡባት ዶሮይቱ እንቁላሏን ጣለች እንጂ ጎጆ አልፈለገችም፤ በአንጻሩም አስኳሉ መንገዱን ስቶ በሆድ ዕቃዋ የወደቀባት ዶሮ፣ የምትጥለው አንዳች ሳይኖራት፣ በነጋታው ሰዓቷን ጠብቃ ጎጆ ስትሻ ትታያለች።

ከውስጥ የታዘዘ ፍላጎት ጎጆ በመንሣት አይጠፋም፤ ኬጅ በሚባለው ባዶ የሽቦ ቤት የተዘጋችው ዶሮ ሰዓቷ ሲደርስ ያለ ዕረፍት ትመላለሳለች። የአውሮፓ ኅብረት እንደነርሱ አቆጣጠር በ1999 ባወጣው ሕግ ይህን ባዶ የሽቦ ቤት ከ2012 መባቻ ጀምሮ መከልከሉ፣ ከኬጅ ውጭ ለሚረቡትም ለ7 ዶሮ ቢያንስ አንድ ጎጆ ማዘዙ፣ የዘገየ ቢሆንም መልካም ነው።

አሁን ይህን ጎጆ ወደሚሠራው አናጢ ሥራ እንለፍ። የዶሮዎቻችን ጥንተ ዘር የሆነችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ዶሮ ከቁጥቋጦ ሥር መሬት ጭራ፣ በጥላ ተሸሽጋ የምትጥል ስለ ሆነች፣ የመጣያው ሣጥንም ያን ቁጥቋጦ መምሰል ይገባዋል፤ ከፊቱ በቀር ዙሪያው የተዘጋ፣ ብርሃን የማይበዛበት፣ ወርዱና ርዝመቱ 30፣ ከፍታው 35 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ገለባውም እንዳይፈስ እንቁላሉም ተንከባሎ እንዳይወድቅ 10 ሳንቲ ሜትር ደፍ የተበጀለት። ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል። ሣንቃ ያጣ ሰው አፉ የሰፋ አሮጌ ቅርጫት በጎኑ ቢያስተኛ ዶሮይቱ አትጠየፈውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአቀማመጡ ነው። ዶሮ ሲመሽ ከሁሉ ከፍ ያለውን ስፍራ ስለምትመርጥ፣ ሣጥኑ ከቆጡ በላይ ከሆነ እዚያው አድራ በኩስ ታረክሰዋለች፤ ስለዚህ ቆጡ ከላይ፣ ሣጥኑ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከታች፣ ጣራውም እንዳትሰፍርበት ዘመም ይበል። ሦስት ሣጥን ተሰናድቶላቸው ሁሉም በአንዱ ደጃፍ ሲጋፉ ቢያዩ አይደነቁ፤ እኅቷ የጣለችበትን ስፍራ ሌላይቱም ትመኘዋለች። በዚሁ ጠባይ ተጠቅሞ ከእንጨት የተጠረበ የእንቁላል አምሳያ በገለባው ላይ ያኖረ ሰው ቄቦቹን ያለ ጩኸት ያስተምራል፤ መሬት ላይ መጣል የለመደችውን መመለስ ግን የትዕግሥት ፈተና ነው።

አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ከቀትር በፊት በመሆኑ፣ እኩለ ቀን ላይ መሰብሰብ ይበጃል። በዐቢይ ጾም ግን፣ የሚበላው ሰው በሌለበት በዚያ 55 ቀን፣ መሰብሰቡ ይዘነጋል፤ ጾም የማታውቀው ዶሮ ሣጥኑ ሲሞላላት በደሟ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ይልና መጣሏን ትታ ትታቀፋለች። በእርባታ ምርጫ ይህ ጠባይ ከተቀነሰባት ከፈረንጅ ዶሮ ይልቅ የአገራችን ዶሮ ለዚህ ትፈጥናለች፤ ለፋሲካ እንቁላል ሲጠባበቅ የሰነበተው ባለቤትም እጁን ወደ ሣጥኑ ሲሰድ የሚቀበለው የተነፋ ላባና የተቆጣ ምንቃር ነው።