«ንዳድ»፦ የአንድ ጥንታዊ የበሽታ ስም ፍቺና አጠቃቀም

በዛሬው አማርኛ «ንዳድ» ሲባል በአብዛኛው አንባቢ ኅሊና የሚመጣው ወባ ነው። ይሁን እንጂ በቀደመው ጽሑፍና በአረጋውያን አንደበት የሚገኘውን ንዳድ ሁሉ ወባ ብሎ መተርጐም የበሽታን ታሪክ ያዛባል፤ በሕክምናም ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የቃሉን ምንጭና የትርጉሙን ለውጥ ያብራራል፤ ለመፈተኛም የስሜንን ተራሮች ግርጌ ይወስዳል።

የቃሉ ምንጭ

ንዳድ «ነደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው። ከዚሁ ሥር ነዳጅ፣ ማንደጃና ንዴት ይገኛሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ከእሳት፣ የኋለኛው ከቍጣ መቃጠል ጋር የተያያዙ ናቸው። ንዳድ ደግሞ የሰውነትን መቃጠል ይሰይማል። ስለዚህ ስሙ የተሰጠው ለበሽታው መንሥኤ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው ለሚሰማውና አስታማሚው በእጁ ዳሶ ለሚያውቀው ምልክት ነው። በዚህ ረገድ «አገረሸ» ከሚለው ግሥ የወጣውን «ግርሻ»ን ይመስላል፤ እርሱም ትቶ የሚመለሰውን ትኵሳት በጠባዩ ይጠራል።

ስፋቱና መጥበቡ

በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የጴጥሮስ አማት ሕመም (ማቴ. 8፥14) ንዳድ ተብሏል። የግሪኩ ቃልም ከእሳት ስም የወጣ በመሆኑ ትርጉሙ በምሳሌው ሳይቀር ይገጥማል። ነገር ግን ምንባቡ ስለ ወባ የሚለው የለም፤ በዚህ ስፍራ ንዳድ ብርቱ ትኵሳት ማለት ብቻ ነው።

ቃሉን ወደ ወባ ያጠበበው የቆላ ኑሮ ይመስላል፤ ደገኛው ወደ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ትኵሳት በዋነኛነት ወባ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደ ያዘና 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው የመከላከያ መሥሪያ ቤት በስሙ የያዘው ግን «ወባ»ን እንጂ «ንዳድ»ን አልነበረም። የመድኃኒቱ ስም በአንጻሩ ሰፍቷል፤ የወባ ፈውስ መጠሪያ ሆኖ የገባው «ኪኒን» ዛሬ ለማንኛውም የሚዋጥ እንክብል ይነገራል።

የከፍታው ምስክርነት

ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ከደጋ ቆላ ይገባል። መካነ ብርሃን ዋና ከተማው የሆነችው የጃናሞራ ደጋም ለተከዜ በሚገብሩ ጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚሆንበት ስፍራ የወባ ተሕዋስ በትንኟ አካል ውስጥ እድገቱን ሊፈጽም አይችልም። እንግዲህ በከፍተኛው ደጋ «ንዳድ ገባ» ቢባል ሁለት ፍቺ ይኖረዋል። አንደኛው፣ ሕመምተኛው ለእርሻ፣ ለንግድ ወይም ለዘመቻ ቆላ ወርዶ ተመልሷል። ሁለተኛው፣ በሽታው ወባ ሳይሆን በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ወይም ግርሻ ነው፤ ብርድ፣ የልብስ ድራቦና መጨናነቅ ለእነዚህ ይመቻሉና።

ስለዚህ ተመራማሪው ቃሉን ከመተርጐሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል፦ ሕመሙ በየትኛው ከፍታ ታየ? ታማሚው ከየት መጣ? ወሩስ ማን ነበር? የወባ ብርታት ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ በዚህ ጊዜ ቆላ ለከረመ ሰው ንዳድ ወባን ቢያመለክት አያስገርምም። ቆላ ያልረገጡ የአንድ ቤት ሰዎች በክረምት ብርድ ተከታትለው ቢወድቁ ግን ሌላ መንሥኤ መፈለግ ይገባል።

ጥያቄው ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚቀር አይደለም። አንዲት አረጋዊት «ንዳድ ያዘኝ» ሲሉ የጤና ባለሙያው ያለ ምርመራ «ወባ» ብሎ ቢመዘግብ፣ የወባ መድኃኒት ግርሻን አያድንም። ንዳድ የሚነግረን ሰውነት መንደዱን ነው፤ ያነደደውን መፈለግ የጠያቂው ፈንታ ነው።