ከፕላስተሩ ሥር ያለው ሙቀት፦ የተጎዳ የቤት ኤሌክትሪክ ገመድ ጥገና በጅግጅጋና በአካባቢው ከተሞች

የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ማንም ሳያስበው ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ የሳሎን መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ ሲበሳ መሰርሰሪያው በልስኑ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ያገኘዋል፤ በአረቢያን መጅሊሱ ፍራሽና ምንጣፍ ሥር የተሳበው የማከፋፈያ ገመድ በየዕለቱ እየተረገጠና እየታጠፈ ውስጥ ውስጡን ይበጣጠሳል፤ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ከክፍል ወደ ክፍል በግቢው ላይ የዘረጉት ገመድ ደግሞ በቆርቆሮ ጠርዝ ይፋቃል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ዝቅ ካለም የፍየል መጫወቻ ይሆናል።

ለእነዚህ ሁሉ የተለመደው መፍትሔ አንድ ነው፤ ሽቦው ይላጣል፣ ጫፎቹ በእጅ ይጠማዘዛሉ፣ በላያቸው ፕላስተር ይጠመጠማል። መብራቱ ተመልሶ ስለሚበራ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አደጋው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የተጠማዘዙ ሽቦዎች የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ በመሆኑ መገናኛው ላይ ከቀሪው የሽቦው ክፍል የበለጠ ተቃውሞ፣ ማለትም የኮረንቲውን ጉዞ የሚያውክ እንቅፋት፣ ይፈጠራል። 3,500 ዋት የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ የመገናኛው ተቃውሞ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ በዚያች ነጥብ 26 ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል፤ ይህም ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ ከሚያቀልጡበት ትንሽ መበየጃ ጋር የሚስተካከል ነው። ምጣዱ በተጣደና በወረደ ቁጥር መዳቡ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ይላላል፣ ላዩም ይጠቁራል፣ ተቃውሞውም ይጨምራል። ብሬከሩ የሚቆጣጠረው በመስመሩ የሚያልፈውን የኮረንቲ መጠን እንጂ በአንድ ነጥብ የተጠራቀመውን ሙቀት ስላልሆነ፣ ፕላስተሩ እየቀለጠ እንኳ ላይወርድ ይችላል።

ጥገና ከመጀመሩ በፊት መስመሩ መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት፤ ይህም የክፍሉን ማብሪያና ማጥፊያ ከመጫን የሰፋ ሥራ ነው። በቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ይወርዳል፤ ፊውዝ ከሆነም ተነቅሎ የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ግቢው የብዙ አባወራዎች ከሆነ መብራት ጠፋ ብሎ መልሶ የሚያበራ አይጠፋምና ለሁሉም ይነገራል። ጄኔሬተር ወይም ባትሪና ኢንቨርተር ያለው የሶላር መሣሪያ ባለበት ቤት ዋናውን ብሬከር ማውረድ ብቻውን አይበቃም፤ ኮረንቲው በሌላ በር ይገባልና እነዚህም ለየብቻቸው ይቋረጣሉ። ቴስተሩ መጀመሪያ ኮረንቲ ባለው ሶኬት ላይ ተሞክሮ መሥራቱ ከታየ በኋላ በተጎዳው ሽቦ ላይ ይደረጋል፤ የተበላሸ ቴስተር ሁሉንም መስመር የጠፋ ያስመስላልና። በሽቦ ቀለም ብቻ መተማመንም አይገባም፤ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደንብ ቡናማው ፌዝ (ኮረንቲውን የሚያመጣው)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ ሲሆን፣ በአሮጌው የእንግሊዝ ደንብ ግን ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ።

ከዕቃ ጋር የሚንቀሳቀስ ተጣጣፊ ገመድ ሲጎዳ ደኅናው መንገድ ማሳጠር ወይም ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ጉዳቱ ከመሰኪያው አጠገብ ከሆነ የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይጣልና መሰኪያው በጤነኛው ጫፍ ላይ እንደገና ይታሰራል፤ መሐል ላይ ከሆነ ግን ገመዱ በአዲስ ይተካል። በዚህ አካባቢ መሰኪያው ራሱ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በበርበራና በሐርጌሳ አድርጎ በቶጎ ውጫሌ የሚገባው ዕቃ ብዙ ጊዜ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የተሠራ በመሆኑ፣ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግሩን የእንግሊዝ መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ የኢትዮጵያ ሶኬት ግን ለሁለት ክብ እግሮች የተሠራ ነው። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ይህ የእንግሊዝ መሰኪያ በውስጡ ትንሽ ፊውዝ አለው፤ ለቀጭን ገመድ ባለ 3 አምፔር፣ ለወፍራሙ ባለ 13 አምፔር ይገባበታል፤ ጥቅሙም ገመዱ ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ ሲያልፍበት ቀድሞ መበጠስ ነው። መሰኪያው ተቆርጦ በርካሽ ባለሁለት እግር ሲተካ ይህ ፊውዝ አብሮ ይጣላል፣ ግራውንዱም ተቆርጦ ይቀራል፤ የብረት አካል ያለው ካውያ ወይም ማጠቢያ ማሽን ውስጡ ሲነካካ የኮረንቲው መውጫ የነካው ሰው ይሆናል። ስለዚህ የሚተካው መሰኪያ በጎንና በጎኑ የግራውንድ ብረት ያለው መሆን ይኖርበታል። ሲታሰርም የግራውንዱ ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ገመዱ ድንገት ቢሳብ የመጨረሻው ተነቃይ እርሱ እንዲሆን ነው። የመሰኪያው መያዣም የሚያጠብቀው የውጪውን ልባስ እንጂ የውስጦቹን ቀጫጭን ሽቦዎች መሆን የለበትም።

በግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር ሲበሳ ሽቦዎቹ ኮንዲዩት በሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ያለፉ ከሆነ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው፤ አሮጌው ሽቦ ለአዲሱ መሳቢያ ሆኖ ከአንዱ የመገናኛ ሳጥን እስከ ሌላው ያለ ቅጥያ ይተካል። መሰርሰሪያው የሰበረው ቱቦ ግን አስቀድሞ ካልተስተካከለ ስባሪው አዲሱን ሽቦ ይልጠዋል። ሽቦው ያለ ቱቦ በልስን ከተቀበረ፣ ልስኑ ተፈልፍሎ በተጎዳው ቦታ ላይ የመገናኛ ሳጥን ይገጠምና ጫፎቹ በሳጥኑ ውስጥ ባለብሎን ማያያዣ ይታሰራሉ። ሽቦው በጥርስ ወይም በምላጭ ሲላጥ መዳቡ ይጫራል፤ የተጫረ ሽቦም እዚያው ላይ ይሰበራልና በመላጫ ፒንሳ መላጥ ይገባል። የሳጥኑ ክዳን የሳሎኑን ውበት ቢቀንስም በልስን ሊሸፈን አይገባም፤ ብሎን ከጊዜ በኋላ ይላላልና ሳጥኑ ተከፍቶ የሚጠብቅበት ቀን ይመጣል። የሚተካው ሽቦ ውፍረት ከነባሩ ማነስ የለበትም፤ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የተለመደ ሲሆን፣ ለምጣድ የሚሄደው መስመር ከዚያ ይወፍራል። በገበያ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦም ስላለ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ያው ውፍረት የመዳቡን ያህል ኮረንቲ አይሸከምም።

የአካባቢው አየር ንብረትም በስሌቱ ይገባል። ተራው የፒቪሲ ልባስ የሚፈቀድለት የሽቦ ሙቀት 70 ዲግሪ ሲሆን፣ የሽቦ አቅም ሠንጠረዦች የሚሰሉት አየሩ 30 ዲግሪ ነው ተብሎ ነው። ወይና ደጋ በሆነችው ጅግጅጋ ይህ እምብዛም ባያሳስብም፣ በሲቲ ዞን ቆላ፣ በሽንሌና በአይሻ፣ አየሩ 40 ዲግሪ ሲደርስ ያው ሽቦ ሊሸከም የሚገባው ከተጻፈለት 87 በመቶውን ብቻ ነው። ሶማሌዎች ጅላል በሚሉት ረጅም በጋ ደግሞ አፈሩ ስለሚደርቅ መሬት ውስጥ የተተከለው የግራውንድ ዘንግ ኮረንቲውን በሚገባ አያሰርግም፤ ስለዚህ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ መስመሩን የሚያቋርጠው፣ በገበያ አርሲዲ የሚባለው ብሬከር፣ በዚህ አገር ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ቋሚ መስመር የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን ቢሠራው ይመረጣል። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ ግን፣ በነፋስ ተወዛውዞ በቆርቆሮው ቢላጥም፣ በግል አይነካም። አገልግሎት ሰጪው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ስልክ ጥቆማ ይቀበላል። ይህ ገመድ በብዛት አሉሚኒየም ስለሆነ ከመዳብ ጋር በቀጥታ ቢጠማዘዝ እርጥበት ባገኘው ቁጥር እየተበላ ይሄዳል፤ ከቆጣሪው በፊት በመሆኑም በግቢው ውስጥ ካሉት ብሬከሮች አንዱም አያጠፋውም።