«ሲስተር» የማይባለው ነርስ

አል ገራፋ በአል ራያን ማዘጋጃ ቤት ሥር የሚገኝ የዶሃ ዙሪያ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ብዙዎች ስሙን የሚያውቁት በእግር ኳስ ክለቡና በሳኒ ቢን ጃሲም ስታዲየም ነው። ከስታዲየሙ ራቅ ሲሉ በረጅም አጥር የተከለሉ ቪላዎች ይከተላሉ። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ከበዋቸው በአልጋ ላይ የዋሉ አባት መኖራቸው የተለመደ ነው። ቤተሰቡ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው አላጣም። የቸገረው የሽንት ቱቦ የሚቀይር፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ገላቸውን የሚያገላብጥና ይህን ሁሉ ሲያደርግ አባወራውን የማያሳፍር ሰው ነው።

በእስልምና የሰው ዐውራ የተጠበቀ ነው። ግድ ሲሆን ተቃራኒ ጾታን ማከም እንደሚፈቀድ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ተመሳሳይ ጾታ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ግን ቅድሚያው የእርሱ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በልጆቻቸው ፊት እንኳ ራሳቸውን ገልጠው የማያውቁ ሽማግሌ፣ ሴት ነርስ ስትመጣ «ነገ ይሁን» ማለታቸው አይቀርም። ጊዜው ያለፈበት ቱቦ ደግሞ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ኢንፌክሽኑም በአረጋዊ ሰውነት ላይ ወደ ደም ለመዛመት ብዙ አይፈጅበትም። የሐፍረቷ አንድ ቀን ሆስፒታል ታስተኛለች።

ሥራው በቱቦው አያበቃም። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ያህል ጎን መለወጥ ያስፈልጋል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ውዱእ ማስደረግ፣ ውሃ ቁስሉን የሚጎዳ ከሆነ ለተየሙም የሚሆን ነገር ማቅረብ፣ አልጋውንም ወደ ቂብላ ማዞር አለ። ይህን የሥራ ዝርዝር ላይ ጽፎ የሚሰጥ የለም፤ ነርሱ የሚያውቀው ከአባቱ ቤት ነው። በረመዳን ጉዳዩ ይረቅቃል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ለመጾም ሲወስኑ የኢንሱሊኑን መጠንና ሰዓት ሐኪም ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ያስማማዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጣት ወግቶ ስኳሩን የሚለካው ግን ነርሱ ነው። ልኬቱ ጾም እንደማያፈርስ አስረድቶ የሚያግባባቸውም እርሱ ነው። ስኳሩ ከልክ በታች ከወረደ «ዛሬ ያፍጥሩ» የማለቱ ከባድ ቃል በእርሱ አፍ ላይ ይወድቃል።

ወንድ አስታማሚ በሙስሊሙ ዓለም እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በመዲና ቁስለኞችን በድንኳኗ ታስታምም የነበረችው ሩፈይዳ አል አስለሚያ የሙያው ፈር ቀዳጅ ተብላ ትታወሳለች። በኋላ በካይሮ እ.ኤ.አ. በ1284 የተገነባው የሱልጣን ቀላውን ቢማሪስታን ደግሞ የወንዶችና የሴቶች ክፍሎቹ የተለዩ ነበሩ፤ ለወንዶቹ ወንድ፣ ለሴቶቹ ሴት አስታማሚ ተመድቦላቸው ነበር። በምዕራቡ ዓለም ሁኔታው በተቃራኒው ሄደ። የአሜሪካ ጦር ለወንድ ነርሶች በነርሶች ክፍሉ የመኮንንነት ማዕረግ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ የብሪታንያ የነርሶች ሮያል ኮሌጅም ወንዶችን በአባልነት የተቀበለው በ1960 ነበር።

በኢትዮጵያ ከነርሱ በፊት ድሬሰሩ ነበረ። ቁስል የሚያጥብ፣ የሚያስርና መርፌ የሚወጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1935 ተቋቁሞ ወዲያው የጣሊያን ወረራ ሲደርስ፣ በጦር ሜዳ ከሐኪሞቹ ጎን የተሰለፉት እነዚህ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ግን ጤና መኮንንነቱን በአብዛኛው ለወንዶች፣ የኅብረተሰብ ነርስነቱን ለሴቶች አደረገ። «ሲስተር» የሚለው መጠሪያም የሴቷ ነርስ ማዕረግ ሆኖ ጸና። ወንዱ ነርስ ያለ ማዕረግ ቀረ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲታይ ሕመምተኛው «ዶክተር» ይለዋል፤ ስህተቱን ማረም የሰለቸውም ዝም ይላል።

ቁጥሩ ግን ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ104 አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በአፍሪካ ከነርሶች 35 በመቶው ወንዶች ናቸው፤ ኳታርን በሚያካትተው የምሥራቅ ሜድትራንያን ቀጠና 21 በመቶ። በዓለም ደረጃ አብዛኞቹ ነርሶች ሴቶች መሆናቸውን ላስተዋለ፣ አፍሪካ ለባሕረ ሰላጤው የምትሰጠው ነገር እንዳላት ግልጽ ነው።

መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። በኳታር በነርስነት ለመሥራት የጤና ሚኒስቴሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የትምህርትና የሥራ ማስረጃ ዳታፍሎው በተባለው ድርጅት በኩል ከምንጩ ይጣራል፤ ፕሮሜትሪክ የሚባለውን የኮምፒውተር ፈተናም ማለፍ አለ። ብዙ ሐበሻ የሚሰናከለው ከፈተናው በፊት፣ በስሙ ላይ ነው። ዲግሪው ላይ በላቲን ፊደል «ሙሐመድ» ተብሎ የተጻፈው ሰው ፓስፖርቱ ላይ «መሐመድ»፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ «ሞሐመድ» ሆኖ ይገኛል። ለአማርኛ አንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለሚያጣራው ባለሙያ ሦስት ሰዎች። ከአገር ሳይወጡ ያልተስተካከለ ፊደል ከዶሃ ሆኖ ለማቃናት ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ውስጥ ዲግሪውን ሻንጣው ውስጥ አጥፎ መኪና የሚነዳ ወይም በር የሚጠብቅ ነርስ አለ። ወደዚህ አገር ለመምጣት የሚያስብ ማንም ነርስ ማስረጃዎቹን ሁሉ ጎን ለጎን ዘርግቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ማስተያየት ይኖርበታል።

ፈቃዱን ያገኘው ደግሞ ሌላ ስም ይጠብቀዋል። በባሕረ ሰላጤው ሆስፒታሎች ሴቷ «ሲስተር» ስትባል እርሱ «ብራዘር» ነው። ዐረብኛው ለወንዱም ለሴቷም የራሱ ቃል አለው፤ «ሙመሪድ» እና «ሙመሪዳ»። እናቱ በስልክ ለጎረቤት «ዶክተሩ ልጄ» ስትል ይሰማል፤ አያርማትም። በሌሊት ተረኛነት የፈጅር አዛን ሲሰማ፣ ሽማግሌው ውዱእ እንዲያስደርጋቸው ሲጠሩት ከእነዚህ ስሞች አንዱንም አያነሡም። «ያ ወለዲ» ይሉታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እርሱም ውሃውን ለብ አድርጎ ያመጣል።