በመቀሌ የሰፈር መስጊድ፤ ከቦታው እስከ ጣራው

በመቀሌ ከተማ ለቤተ ክርስቲያን መሠረት የሚዘረጋ ግንበኛ ገመዱን ወደ ምሥራቅ ይወጥራል። ይኸው ግንበኛ ለመስጊድ ሥራ ሲጠራ ግን ገመዱ ወደ ሰሜን ይዞራል። መካ ከመቀሌ በስተሰሜን የምትገኝ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በመቀሌ ለሶላት የቆመ ሰው ፀሐይ መውጫን በቀኙ፣ መጥለቂያን በግራው ያደርጋል።

ይህን አቅጣጫ ለማግኘት መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀንና ሐምሌ 9 ቀን ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከመካ አናት ላይ ትውላለች። በግንቦቱ 6 ሰዓት ከ18፣ በሐምሌው ደግሞ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ መሆኑ ነው። በዚያች ደቂቃ በቱንቢ የተስተካከለ 2 ሜትር ዘንግ ቢተከል፣ በመቀሌ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሰመረው መስመር ቂብላው ነው። በሐምሌ ሰማዩ ደመና ስለሚሆን የሚሻለው የግንቦቱ ቀን ነው።

አቅጣጫው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ የኖረው ዘንጉ የሚተከልበት መሬት ነበር።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ማዘዛቸው የታወቀ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ በመቀሌ ያሠራላቸው የድንጋይ ቤተ መንግሥት ከተማይቱን የመንግሥት መቀመጫ አደረጋት። በከተማይቱ ሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎችም ይኖሩ ነበር። ከአፋር በግመል የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፈው መቀሌ ስለነበር፣ ያለ ነጋዴ ከተማይቱ ከተማ አትሆንም ነበር። ይሁን እንጂ በትግራይ ገጠር ርስት የሚቆጠረው በዘር ሐረግ ሲሆን ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት ውጭ ነበር። ወደ ሸማና ወደ ንግድ ያዘነበለውም የእርሻ ሥራ ስለጠላ ሳይሆን የሚያርሰው ስላልነበረው ነው። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው የቆየ ተረት ይህንኑ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ይናገር ነበር። ርስት የሌለው ሰው ደግሞ ጸሎት ቤት ቢሠራ የሚሠራው በሰው ፈቃድ ላይ ነው፤ በሰው ፈቃድ ላይ የሚሠራም በድንጋይ ለመገንባት አይደፍርም።

ለውጡ የመጣው በአንድ ቀን አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና ከእነርሱ ጋር የቆሙ ክርስቲያኖች የሃይማኖት እኩልነትን በመጠየቅ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲመሠረቱ የደነገገው ይኸው አዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ። ከዚያ በኋላ በጦርነቱ ዓመታት ሕወሓት በያዛቸው የትግራይ ገጠሮች በተካሄደው የመሬት ክፍፍል ሙስሊሞችም ድርሻ አገኙ። ከዚያ ወዲህ የመስጊድ ቦታ የባለ ርስት ችሮታ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥትና የማኅበር አስተዳደር ጉዳይ ሆነ።

ቦታው ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ከሥሩ ያለው አፈር ነው። በመቀሌ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይበዛል፤ አንዱ ነጣ ወይም ቢጫ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ሁለተኛው ጥቁርና ከባድ የሆነው ዶለራይት ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በሚገኝበት አካባቢ አፈሩ ዋልካ ይሆናል። ዋልካ በክረምት እንደሚያብጥና በበጋ እንደሚሰነጠቅ ከገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ማረሻ የሚያስቸግረው አፈር ግድግዳንም ይሰነጥቃል፤ በመሆኑም ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ መሠረቱ ጠንካራ መሬት ላይ ማረፍ አለበት። በዚህ በኩል ለመቆጠብ የተሞከረ ገንዘብ ከጥቂት ክረምት በኋላ በስንጥቅ መልክ ይመለሳል።

የኖራው ድንጋይ ለጠራቢ ይመቻል፤ በመዶሻና በመሮ ማዕዘን ይወጣለታል። የድሮው ሕድሞ በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ በወፋፍራም እንጨት ላይ አፈር ይደለደልበት ነበር። የዛሬው የሰፈር መስጊድ ግን የብረትና የሲሚንቶ ዓምድ፣ በመካከሉ ድንጋይ ወይም ብሎኬት፣ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮ ወይም የሲሚንቶ ጣራ የያዘ ነው። ሲሚንቶውም ከሩቅ አይመጣም፤ የመሰቦ ፋብሪካ እዚያው መቀሌ ነው። በከተሞች ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉልላት በብረት ዘንግ ላይ ከተበየደ ላሜራ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ሚናራም ቢሆን ከድምፅ ማጉያ ወዲህ ሙአዚኑ የማይወጣበት የምልክት ዓምድ ሆኗል። ገንዘብ ያነሰው ሰፈር ሁለቱንም ለኋላ ቢያቆያቸው ሶላት አይጎድልበትም።

የማይቀረው የአዳራሹ ልክ ነው። ሰጋጆች ወደ ሰሜን ዞረው በረድፍ፣ ማለትም በሶፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ስለሚቆሙ ረድፉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ወርድና 1 ሜትር ከ20 ቁመት ቢታሰብ፣ 12 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ አዳራሽ 10 ረድፍ፣ በእያንዳንዱም 20 ሰው፣ በድምሩ 200 ሰው ይይዛል። የኢማሙ ሚሕራብ ከሰሜኑ ግድግዳ መካከል ጎድጎድ ብሎ ይወጣል። ሚንበሩ ከጎኑ ይቆማል። የሴቶች ቦታና መግቢያም ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ መኖር አለበት፤ በኋላ የተቀጠለ ክፍል ምንጊዜም ጠባብ ነው። የሰፈሩ መንገድ ዘወርዋራ ሆኖ የቦታው አጥር ከሰሜን ጋር ካልገጠመ አዳራሹ በአጥሩ ውስጥ ዞር ብሎ ይሠራል። በየማዕዘኑ የሚተርፈው ሦስት ማዕዘን መሬት ለጫማ ማውለቂያና ለውዱእ ይሆናል።

ውዱእ ሲነሣ ውኃ ይነሣል፤ መቀሌ ደግሞ የውኃ እጥረት ያለባት ከተማ ነች። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ከላይ የተጠቀሰው አዳራሽ ጣራ 144 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,440 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳና ጉድጓድ ከሌለው ይህ ሁሉ መሠረቱን ሲያጥብ ያልፋል።

ከመቀሌ ወደ ዓዲግራት በሚወስደው መንገድ፣ ውቅሮን አልፎ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የነጋሽ መስጊድ ይገኛል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከመካ ተሰደው በመጡ ሙስሊሞችና በተቀበላቸው ንጉሥ ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ የንጉሡና የ15 ሶሓባዎች መቃብር በዚያ እንዳለ ይታመናል። በዓሹራ ቀን ምዕመናን ከየአገሩ ይጎርፉበታል። ቦታው የጥንት ቢሆንም ሕንፃው የቅርብ ነው፤ በቱርክ የልማት ድርጅት በቲካ ታድሶ የተጠናቀቀው በ2010 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ሚናራው፣ ጉልላቱና መቃብሩ ተመቱ። በአቅራቢያው ያለው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያንም ጉዳት ደረሰበት። ላሜራና ሲሚንቶ ይተካል፤ ሰው ሁሉ አዝኖ ያየው ግን መቃብሩን ነው።

የመቃብር ነገር ለገበሬ ማኅበር መሪም ቅርብ ጉዳይ ነው። መቀሌ እየሰፋች ኲሓንና ዓይናለምን አካትታለች፤ ትናንት ገብስ የተዘራበት ማሳ ዛሬ የሰፈር ሽንሸና ካርታ ላይ ነው። ማሳውን የሚለቀው ገበሬ ካሳ የሚጠይቅበት ሕግ አለ። ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን የሚተው ቦታ ግን ድንበሩ በችካል ሳይለይ ከቀረ፣ በኋላ ክርክሩ በሁለት ሃይማኖት ጎረቤታሞች መካከል ይሆናል። የቀብር ቦታ ደግሞ ጭራሽ ይረሳል፤ ሰፈሩ ሞልቶ የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ነው የሚታወሰው። የሙስሊም መቃብር በመቀሌ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይቆፈራል፤ ሟቹ ራሱን በምሥራቅ፣ እግሩን በምዕራብ አድርጎ በቀኝ ጎኑ ይተኛል፤ ፊቱም ግንበኛው ገመዱን ወደ ወጠረበት ወደ ሰሜን ይሆናል።