ነፋስ የጣለው አጥር እና የቦሎቄው ደረጃ

ዛሬ የዋጋውን መውጣትና መውረድ ትንሽ እናቆየውና ስለ አጥር እናውራ። «አጥርን ከምርት ገበያ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ኅዳር አዳማ ዳር ባለች ትንሽ የማበጠሪያ ግቢ ነጭ ቦሎቄ ሸራ ላይ አስጥተን ነበር። ግቢው ሰው እንዳያይ ተብሎ በጣውላ ድፍን ተደርጎ ታጥሯል። ሌሊት ነፋሱ ተነሣ። ጠዋት ስንደርስ አንዱ ጎን ከነቋሚው ሸራው ላይ ተኝቷል። ቦሎቄው ከአሸዋ፣ ከስንጥር እንጨትና ከምስማር ጋር ተቀላቅሏል። እንደገና ተበጠረ፣ በእጅ ተለቀመ፣ መኪና ቆሞ ዋለ፣ ለገዢ የተባለው ቀን አለፈ። ናሙና ላይ «ባዕድ ነገር» ሲበዛ ምን እንደሚከተል ለእናንተ አይነገርም። ባጭሩ ኪሳራው ከአጥሩ ዋጋ በለጠ።

ጥፋቱ የነፋሱ አይደለም። አዳማ ነፋሻ መሆኗን የማያውቅ የለም፤ አዳማ 1 (51 ሜጋ ዋት) እና አዳማ 2 (153 ሜጋ ዋት) የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ፣ ምርት ግቢ በሚገባበት ሰሞን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ርካሽ ብለን በማይሆን መንገድ አጠርን።

ነፋስ በኩንታል ሲመዘን

ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ድፍን አጥር በቋሚና በቋሚ መካከል 2 ሜትር ቢኖረው፣ አንዱ ቋሚ የሚሸከመው 4 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እያንዳንዱን ቋሚ በግምት በ25 ኪሎ ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 72 ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም አንድ ኩንታል። 108 ሲደርስ ከ2 ኩንታል ያልፋል። ቁመትም እንዲሁ ነው፤ አጥሩን ከ2 ሜትር ወደ 2 ሜትር ተኩል ብታሳድጉት ቋሚውን ከሥሩ የሚነቅለው ጉልበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ለመከለል ከሚበቃው በላይ አታስረዝሙ።

ነፋሱን አሳልፉት

ድፍን አጥር ሌላም ጣጣ አለው። ነፋሱ መተላለፊያ ሲያጣ በላይ ዘሎ ከአጥሩ ጀርባ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ አቧራና ገለባውን ይዞ ሸራችሁ ላይ ይጥለዋል። መፍትሔው ጣውላውን በማገሩ በሁለቱም ወገን እያፈራረቁ መምታት ነው። የጣውላው ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በውጭ በኩል 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት እየተዋችሁ ምቱ፤ በውስጥ በኩል ያለው ጣውላ ያንን ክፍተት በሁለቱም ጎን በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ተደራርቦ ይሸፍነዋል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ውስጡን አያይም፣ ነፋሱ ግን በጎን ሾልኮ ያልፋል። ጣውላው ከድፍኑ በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ወጪው እዚህ ላይ አያሳስባችሁ።

ቋሚው ላይ አትሰስቱ

አጥር የሚሞተው ከሥሩ ነው። እንጨት ፈጥኖ የሚበሰብሰው አየርና እርጥበት በሚገናኙበት በመሬቱ አፍ ላይ ሲሆን፣ ምስጥም በዚያው ይገባል። ገበያ ላይ የምናገኘው ቀጭን የባሕር ዛፍ አጠና ገና ያልበሰለ ስለሆነ ቶሎ ይበላል። ወፈር ያለ፣ ልቡ የጠነከረ ቀይ ባሕር ዛፍ ከነጩ ይሻላል፤ መድኃኒት የተነከረ ቋሚ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። እርጥቡን ገዝታችሁ በዚያው ቀን አትትከሉ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። ልጣጩን ልጣችሁ ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አድርቁት።

ለ2 ሜትር አጥር 3 ሜትር ቋሚ ያዙ፤ አንዱ ሜትር መሬት ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱ ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይደረግ፣ ውኃ እንዲወርድ። ዙሪያውን ስሚንቶ ካደረጋችሁ አፉን ወደ ውጭ አዝቅዝቁት፤ ጎድጉዶ ውኃ የሚያቁር ስሚንቶ ቋሚውን ያበሰብሰዋል። አቅም ላለው የተሻለው መንገድ አንግል ብረት በስሚንቶ ተክሎ እንጨቱን ከመሬት በላይ በብሎን ማሰር ነው፤ ሲያረጅ ያለ ቁፋሮ ይቀየራል። የጣውላው ታችም ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ማገሩ ሦስት ይሁን፤ ጥግና በር ላይ ያሉት ቋሚዎች በሰያፍ ይደገፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙዎቻችን ቋሚውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባለን። ዘይቱ ላይ ላዩን እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ አፈሩንም ይበክላል። ከሁሉ በላይ ግን ቡና ሽታ ይስባል። ጆንያ አጥሩን ተደግፎ ካደረ፣ ገዢው ሲቀምሰው የሚያገኘው የጋራዥ ሽታ ነው። የኤክስፖርት ምርት ባለበት ግቢ ይህን ነገር አታስገቡት።

ሒሳቡ

ዕቃ ስትገዙ የምትጠይቁት «ስንት ነው?» ብቻ አይደለም። አጥርንም በዓመት አካፍሉት። ለምሳሌ ርካሹ 100 ብር ቢያወጣና 3 ዓመት ቢቆይ፣ በዓመት 33 ብር ነው። ጥሩው 180 ወጥቶበት 12 ዓመት ቢቆይ፣ በዓመት 15 ብር ነው። ርካሹ የቱ ነው? 100 ሜትር ለማጠር በየ2 ሜትሩ 51 ቋሚ ያስፈልጋችኋል። ዩኒየኖች ይህን በጋራ ብትገዙ በዋጋም ትደራደራላችሁ፣ እንጨቱንም ቀድማችሁ ታደርቃላችሁ። ምርት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የተገዛ እንጨት እርጥብም ነው፣ ውድም ነው።

አጥር ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ውጡና እያንዳንዱን ቋሚ በእጃችሁ ወዝውዙት፤ ሥሩን በቢላ ወጋ አድርጉት። ቢላው በቀላሉ ከገባ፣ ያ ቋሚ የሚቀጥለውን ነፋስ አይችልም። እኛ ይህን ያደረግነው ቦሎቄውን ከአሸዋ ከለቀምን በኋላ ነው። እናንተ ቅደሙ።

መልካም ገበያ!