ባለቤት የሌለው ምግብ

ዶሮ ወጥ ባለቤት አለው። ሽንኩርቱ እስከ መቼ እንደሚቁላላ፣ ብልቱ እንዴት እንደሚወጣ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት፤ ከእሷ ጀርባ ደግሞ እናቷ፣ አማቷና መላው ጎረቤት አሉ። ባል «ላግዝሽ» ብሎ ማድ ቤት ቢገባ ሽንኩርት ከመላጥ አያልፍም፤ ብዙም ሳይቆይ «በቃ ውጣልኝ፣ መንገድ ዘጋህብኝ» ይባላል። ሁለቱም ሠርተውት የማያውቁት ምግብ ሲሆን ግን አዋቂና ረዳት መባሉ ይቀራል።

አይሻ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው ሐዲድ ላይ የምትገኝ የሲቲ ዞን ቆላማ ከተማ ስትሆን፣ የፈረንሳዮቹ ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ በእሷ በኩል ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር ደግሞ በ2016 ተመረቀ። ሐዲድና ጭነት መኪና ባለበት ደገኛም ይመጣል፤ ከወደቡ በኩል ደግሞ ሩዝ፣ ፓስታና ቴምር ይገባል። እንበልና አንድ ሰው ከወሎ ተመድቦ ከነሚስቱ እዚያ ቢከርም፣ ማታ ማታ ከጎረቤት የሚሸተው ቁሌት እነሱ ያደጉበት አይደለም።

ኢስኩደህካሪስን እንውሰድ። ሥጋና ሩዝ በአንድ ድስት የሚበስልበት፣ ጅቡቲዎች የአገራችን ምግብ ብለው የሚኮሩበት ነው። ሽንኩርት በዘይት ወይም በቅቤ ይቁላላል፣ የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ይገባል፣ ቲማቲም ይከተላል፤ ከዚያ ከሙን፣ ሄል፣ ቅርንፉድና ቀረፋ። ቅመሙ ከውሃው ቀድሞ ቅባቱን የሚያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ለከሙንና ለሄል ሽታቸውን የሚሰጧቸው ንጥረ ነገሮች በውሃ እምብዛም አይሟሙም፤ በቅባት ግን ቶሎ ይሟሙና ሥጋውንም ሩዙንም ያዳርሱታል። ሥጋው ሲለሰልስ ውሃ ይጨመራል፣ ታጥቦ የተጠለለው ሩዝ ይገባል። ሩዙ ሳይታጠብ ከገባ በፍሬው ላይ ያለው ስታርች ውሃው ውስጥ ይለቅና ድስቱ ወደ ገንፎነት ያደላል። ሁለቱ የሚተያዩት እዚህ ላይ ነው።

«ውሃው አልበዛም?»

«እኔ ምኑን አውቄው!»

ጉዳዩ ያለው በዚህች መልስ ላይ ይመስለኛል።

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አርተር አሮንና ባለቤቱ ኢሌን አሮን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሐሳብ፣ ሰው ፍቅር ውስጥ የሚገባው በከፊል ራሱን ለማስፋት ነው፤ የወዳጁ ዕውቀት፣ ዘመድና ልማድ የእሱም ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ በየቀኑ ይሆናል። ዓመታት ሲያልፉ ግን አንዱ ስለሌላው የሚማረው ያልቅበታል፤ መሰላቸቱም የሚመጣው ከጠብ ሳይሆን ከዚህ ነው። እንግዲህ አዲሱን ነገር ከውጭ አምጥተን ለሁለቱም ብንሰጣቸውስ? አሮንና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት የጥንዶችን እጅና እግር አንድ ላይ አስረው፣ በመሃላቸው ትራስ በሰውነታቸው ብቻ ደግፈው ምንጣፍ ላይ እንዲድሁ አደረጉ። ሌሎቹ ጥንዶች ኳስ ቀስ እያሉ ማንከባለል ብቻ ነበር ሥራቸው። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ፣ እየተሳሳቁ የዳሁት ስለ ትዳራቸው የሰጡት ግምት ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሰባት ደቂቃ ለትዳር ይመሰክራል ወይ? እኔ ብቻውን አላምነውም። ይበልጥ የሚያሳምነኝ በ1993 የወጣ ሌላ ጥናት ነው። 53 ባልና ሚስቶች ተከፋፍለው፣ አንዳንዶቹ ለ10 ሳምንታት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል እነሱ ራሳቸው አጓጊ ያሉትን ነገር አብረው ሠሩ፤ ሌሎቹ ደስ የሚል ግን የለመዱትን። በትዳር እርካታ የበለጡት የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። ደስ ማለቱ ብቻ አልበቃም ማለት ነው።

በዚያው በሲቲና በጅጅጋ አካባቢ ይህን ነገር ያለ ቤተ ሙከራ የደረሱበት ይመስላል። ከሠርግ በኋላ የሙሽራዋ ቤተሰብ ሔዶ ያዘጋጃል፤ ደርቆ በቅቤ የተጠበሰ ሥጋና ቴምር የሞላበት ዕቃ እንደ ሙሽራ ይለበስና በገመድ ይጠፈራል። የገመዱ ጫፍ ተደብቋል። የሙሽራው ወገን ጫፉን ፈልጎ ካልፈታ ምግቡ አይበላም፤ ያልሆነለት መሳቂያ ይሆናል።

አዲስነት ግን ልክ አለው፤ በጣም ከከበደ ሳቁ ወደ ጭቅጭቅ ይዞራል። እንጀራ መሰሉን ለሖህ በመጀመሪያ ቀን የሚሞክሩ ጥንዶች ይህን ያውቁታል። ሊጡ ምጣዱ መሃል ይፈስና በማንኪያ ጀርባ እየተዞረ ወደ ዳር ይሰፋል፤ እጅ ያልለመደው ይቀድደዋል። ደገኛ ደግሞ ሊጡን እንደ ጤፍ ሁለት ሦስት ቀን ላቆየው ካለ ጉድ ፈላ፤ በአይሻ ሙቀት እርሾውና ባክቴሪያው ስለሚፈጥኑ አንድ ሌሊት ይበቃል። «ኤዶ (አክስቴ)፣ ምን አጠፋን?» ብሎ ጎረቤት መጥራት ያኔ ይመጣል፤ ኤዶም መጥታ ሊጡን አሽትታ ትስቃለች።

ከሥራው ውስጥ በተለይ ውቀጣው ይገርመኛል። ሐዋሽ የሚባለው የሶማሌ ቅመም ተቆልቶ ይወቀጣል። ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ እየተፈራረቀ ሲወቅጥ አንዱ ሌላውን ሳያይ ምቱን ይጠብቃል። ዊልተርሙትና ሂዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ እግር እግራቸውን እኩል እያነሱ አብረው የተጓዙ ተማሪዎች እንደፈለጉ ከተጓዙት ይልቅ በኋላ በቀረበላቸው ጨዋታ ተባብረው ተገኙ። የሶማሌ ሴቶች እህል ሲወቅጡ የሚያዜሙት፣ የእኛም እናቶች በወፍጮና በሙቀጫ ላይ የሚያንጎራጉሩት፣ ድካም ለመርሳት ብቻ አይመስለኝም።

ከዚያ ምግቡ ይቀርባል፤ በአንድ ትሪ። በ2019 ዉሊና ፊሽባክ ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ለእኛ አዲስ አይሆንም። የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ከአንድ ሳህን ወይም ከየራሳቸው ሳህን አበሏቸው፤ ቀጥሎ እንደ አሠሪና ሠራተኛ ሆነው በደመወዝ እንዲደራደሩ አደረጉ። አንድ ሳህን የተጋሩት በጨዋታው ውስጥ በተጠራው አድማ በአማካይ በ9 ቀን ተስማሙ፤ ሌሎቹ አራት ቀን ጨመሩ። ምክንያቱ እጅህን ስትዘረጋ የሌላውን እጅ ማየት ግድ ስለሚልህ ነው፤ ማን ጎረሰ፣ ማን ቀረው፣ ሥጋው ወደ ማን ይገፋ።

ድስቱ ግን ይቀራል። ዳንኤል ካርልሰን የተባለ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2018 ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ በአሜሪካ ጥንዶች መካከል ከቤት ውስጥ ሥራዎች ሁሉ የሴቷን የትዳር እርካታ በእጅጉ የሚነካው ዕቃ አጠባን መጋራት ወይም አለመጋራት ሆኖ ተገኝቷል። አይሻ ላይ ውሃ እንደልብ አይደለም፤ ድስቱ ሥር የያዘ ሩዝ ደግሞ በትኩሱ ትንሽ ውሃ ካልተደረገበት ጠዋት በአመድም አይለቅም። ተራው የማን እንደሆነ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ቢነጋገሩበት ይሻላል።